ካውንስል ግሮቭን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መጎብኘት፦ በሳንታ ፌ መንገድ ላይ ላለች አነስተኛ የካንሳስ ከተማ የተዘጋጀ መመሪያ

በካንሳስ ግዛት፣ በሞሪስ ካውንቲ የምትገኘው ካውንስል ግሮቭ ከ2,000 ጥቂት የሚበልጡ ነዋሪዎች ብቻ ያሏት ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ከ1821 እስከ 1880 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሚዙሪ ዛሬ በኒው ሜክሲኮ ግዛት እስከምትገኘው ሳንታ ፌ ሸቀጥ ይመላለስበት በነበረውና 900 ማይል ያህል በሚረዝመው የንግድ መንገድ ላይ ዋነኛዋ የሲራራ ነጋዴዎች መሰባሰቢያ ነበረች። ታሪካዊው የከተማዋ ክፍልም በ1963 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተሰይሟል።

ያለ ዝግጅት የመጣ ጎብኚ ግን የሚያገኘው በመጠለያ ሥር የቆመ የዛፍ ጉቶ፣ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ሱቅና አንድ ሐውልት ስለሆነ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዞሮ ጨርሶ «ይኸው ነው እንዴ?» እያለ መኪናውን ያስነሳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ እንዳይሆን ነው። ዋና ምክሩም ቦታዎቹን ነጋዴዎቹ በተጓዙበት ቅደም ተከተል፣ ማለትም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማየት፣ ከዚያም መሬቱ አስቀድሞ የማን እንደነበረ የሚመሰክሩትን ቦታዎች ሳይጎበኙ አለመመለስ ነው። ለከተማዋ ግማሽ ቀን፣ ለአካባቢዋ ደግሞ ቀሪው ግማሽ ቀን ይበቃል።

ከመነሳትዎ በፊት

በመጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን መጀመሪያ ያለው ጊዜ ኮረብታዎቹ አረንጓዴ የሚለብሱበት ቢሆንም፣ በካንሳስ የቶርኔዶ ወቅትም ይኸው ነውና የዕለቱን የአየር ትንበያ ሳያዩ መውጣት አይገባም። ጁላይና ኦገስት እጅግ ሞቃት ናቸው፤ ከዛፍ ጥላ ርቆ በሣር ሜዳ ላይ በቀትር መሄድ ለሕፃናትና ለአረጋውያን አይመከርም። ምርጫው ለእኔ ቢሆን ሴፕቴምበርን ወይም ኦክቶበርን እመርጣለሁ፤ ረጅሙ ሣር በዚያን ጊዜ ዕድገቱን ጨርሶ አንዳንዱ ከሰው ቁመት በላይ ይደርሳል፣ ቀለሙም ወደ መዳብነት ይለወጣል። በማርችና በኤፕሪል የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ የከብት እርባታ ባለቤቶች አዲስ ሣር እንዲበቅልና ቁጥቋጦ ሜዳውን እንዳይወርረው ሲሉ ኮረብታዎቹን በእሳት እንደሚያቃጥሉ ይወቁ። ሰዎች ቆመው የሚቆጣጠሩትን እንዲህ ያለ እሳት አይቶ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ጭሱ መንገዱን ከሸፈነው ግን ፍጥነት መቀነስና የፊት መብራት ማብራት ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የመግቢያ ሰዓት ማረጋገጥ ነው። በከተማዋ ካሉት ቦታዎች አብዛኞቹ ከቤት ውጭ ስለሆኑ በማንኛውም ሰዓት ያለ ክፍያ ይታያሉ። ካው ስለተባለው የአካባቢው ነባር ተወላጅ ሕዝብ የሚናገረውና በግዛቱ የታሪክ ማኅበር የሚተዳደረው የካው ሚሽን ሙዚየም ግን በሳምንቱ ሁሉም ቀናት ክፍት አይደለም፣ ሰዓቱም እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ አስቀድመው ስልክ ይደውሉና የቀኑን ፕሮግራም በሙሉ በሙዚየሙ ሰዓት ዙሪያ ያዘጋጁ። እንዲህ ባሉ ትናንሽ ከተሞች እሑድና ሰኞ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሊዘጉ እንደሚችሉም መገመት ይገባል።

ሦስተኛው ስንቅ ነው። ውኃ፣ ኮፍያ፣ የመዥገር መከላከያ፣ ረጅም ሱሪና ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ይያዙ። የአካባቢው ኮረብታ ፍሊንት ሂልስ የሚባለው በሃ ድንጋዩ ውስጥ ባልጩት ስለተሰገሰገበት ነው፤ የባልጩቱ ስለት ስስ ጫማን ይጎዳል። (ይኸው ድንጋይ ነው ሜዳውን ከማረሻ ያዳነው፤ ገበሬዎች ሊያርሱት ስላልቻሉ መሬቱ ለግጦሽ ቀረ፣ በዚህም ምክንያት በሰሜን አሜሪካ ከነበረው የረጅም ሣር ሜዳ ከ4 በመቶ ያልበለጠው ሲተርፍ የዚያም አብዛኛው ክፍል እዚህ ይገኛል።) የስልክ ኔትወርክ ከከተማ ውጭ ሊቆራረጥ ስለሚችል ካርታውን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ። ረቡዕና ዓርብን ወይም ሌሎቹን አጽዋማት የሚጾሙ ደግሞ የጾም ምግብ ቋጥረው ቢሄዱ ይሻላቸዋል፤ አካባቢው የከብት አገር ነውና የምግብ ዝርዝሩ በሥጋና በወተት ተዋጽኦ የተሞላ ነው።

መንገዱ

ከካንሳስ ሲቲ የሚነሱ ከሆነ ከተማዋ 120 ማይል ያህል ትርቃለች፤ የሁለት ሰዓት ጉዞ ነው። ከኢንተርስቴት 35 ይልቅ በጋርድነር፣ በባልድዊን ሲቲና በበርሊንጌም በኩል የሚያልፈውን አውራ ጎዳና 56 ይምረጡ፤ ጥቂት ደቂቃዎች ቢያስረዝምም የድሮውን የንግድ መንገድ በቅርብ ይከተላል፣ ወደ ከተማዋም በትክክለኛው በር በምሥራቅ ያስገባዎታል።

በዴንቨርና በካንሳስ ሲቲ መካከል በኢንተርስቴት 70 ለሚመላለሱት ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ ቀላሉ መንገድ በማንሃተን አጠገብ በመውጫ 313 ወጥቶ ኬ-177 የተባለውን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ 30 ማይል ያህል መንዳት ነው። በዚህ መንገድ የገባ ሰው የሚደርሰው ከተማዋ መካከል ስለሆነ፣ ሜይን ስትሪት ሲደርስ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ እስከ ከተማዋ ጫፍ ከሄደ በኋላ ጉብኝቱን ከዚያ ይጀምር።

አንደኛ፦ ከምሥራቁ ጫፍ ይጀምሩ

ሜይን ስትሪት ራሱ የሳንታ ፌ መንገድ ነው። በምሥራቁ በኩል በመጀመሪያ የሚያገኙት በ1849 የተሠራችውን ትንሽ የእንጨት እስር ቤት ሲሆን፣ የከተማው ሰዎች በመንገዱ ላይ የነበረች ብቸኛዋ እስር ቤት ይሏታል። እዚህ ብዙ አይቆዩ።

ቀጥሎ ወደ ካውንስል ኦክ ይሂዱ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በዚህ የኦክ ዛፍ ዙሪያ ከነበረው ደንና በደኑ ውስጥ ከተደረገው ጉባኤ ነው። ኦገስት 10 ቀን 1825 ጆርጅ ሲብሊ፣ ቤንጃሚን ሪቭስና ቶማስ ማተር የተባሉ የአሜሪካ መንግሥት ልዑካን ኦሴጅ ከተባለው የአገሩ ነባር ተወላጅ ሕዝብ መሪዎች ጋር እዚህ ተቀምጠው፣ ነጋዴዎች በአገሩ ላይ ያለ ችግር እንዲያልፉ የሚፈቅድ ውል ተፈራረሙ። ለኦሴጆች የተሰጣቸው ዋጋ በጠቅላላው 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃና ገንዘብ ነበር። ዛፉ በ1958 በማዕበል ወድቆ ዛሬ በመጠለያ ሥር የሚታየው ጉቶው ነው። በአገራችን ዋርካ ሥር ሸንጎ የተቀመጠ ሰው የቦታውን ትርጉም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የጉቶውን ስፋት ከቅርብ ይመልከቱና በዚህ ጥላ ሥር ስንት ሰው ሊቀመጥ ይችል እንደነበር ይገምቱ፤ ከዚያም የማስታወሻ ጽሑፉን ያንብቡ።

ወደ ምዕራብ ሲቀጥሉ ፖስት ኦፊስ ኦክ የተባለውን ሌላ ጉቶ ያገኛሉ። ከ1825 እስከ 1847 ድረስ ነጋዴዎች ከኋላ ለሚመጡት ሰዎች ደብዳቤና ማስጠንቀቂያ በዚህ ዛፍ ሥር ባለ ጉድጓድ ያስቀምጡ እንደነበር ይነገራል። ውኃው የት እንደደረቀ፣ የት መጠንቀቅ እንደሚገባ የሚያውቀው ቀድሞ ያለፈው ሰው ብቻ ነበርና ልማዱ አያስደንቅም። ዛፉ ደርቆ የሞተው በ1990 ነው። ሦስተኛ ታሪካዊ ዛፍ የሚፈልግ ሰው የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ጄኔራል ከስተር በ1867 ሰፍሮበት ነበር የሚባለውን የኤልም ግንድ ከሜይን ስትሪት በስተደቡብ ያገኛል። ሰዓት ከጠበበዎ የሚዘለው እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ወንዙ ዳር ይቁሙ

ድልድዩን ከመሻገርዎ በፊት መኪናዎን አቁመው ወደ ኒዮሾ ወንዝ ዳር በእግር ይውረዱ። ቦታውን ዋጋ ያሰጠው ይህ መሻገሪያ ነው፤ ውኃ፣ ግጦሽና ጠንካራ እንጨት በአንድነት ይገኙበት ነበር። ከዚህ ወደ ምዕራብ የሚቀጥለው መንገድ ዛፍ አልባ ሜዳ ስለሆነ፣ ነጋዴዎቹ ኦክና ሂከሪ ቆርጠው ለመንኮራኩር ዘንግ መለዋወጫ የሚሆን ግንድ በጋሪዎቻቸው ሥር ያስሩ ነበር። መንገድ ላይ ዘንግ ቢሰበር የሚተካበት ሌላ እንጨት አልነበረምና፣ አንዳንዱ ግንድ ሥራ ላይ ሳይውል ሳንታ ፌ ደርሶ ይመለስ ነበር።

ጋሪዎቹ በተናጠል እየመጡ እዚህ ይጠባበቁና አንድ ትልቅ ቅፍለት ሆነው ይነሡ ነበር። ከመነሣታቸው በፊት አለቃ ይመርጣሉ፣ የጥበቃ ተራ ይደለድላሉ፣ ጋሪዎቹንም በረድፍ ይከፍላሉ። የአለቃው ሥልጣን ግን የእኛ ነጋድራስ ያህል አልነበረም፤ ትእዛዙን ያልወደደ ነጋዴ እንቢ ቢለው የሚያስገድድበት ኃይል አልነበረውም። ወደ ምዕራብ የሚጫነው በአብዛኛው ጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ዕቃ ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ የሚመለሰው ደግሞ ብር፣ ሱፍና በቅሎ ነበር። ሳንታ ፌ አሜሪካና ሜክሲኮ እስከተዋጉበት እስከ 1846 ድረስ የሜክሲኮ ከተማ ስለነበረች፣ የሜክሲኮ ነጋዴዎችም በዚህ መንገድ ወደ ምሥራቅ ይመጡ ነበር።

ይህን ይዘው ከወንዙ በስተምሥራቅ የቆመውን «ማዶና ኦፍ ዘ ትሬይል» የተባለ ሐውልት ይመልከቱ። ሕፃን ያቀፈች፣ ሌላው ልጇ ቀሚሷን የጨበጠ፣ በእጇ ጠመንጃ የያዘች እናት ናት። የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች ማኅበር በአሥራ ሁለት ግዛቶች ካቆማቸው ተመሳሳይ ሐውልቶች አንዱ ሲሆን፣ የተመረቀው ሴፕቴምበር 7 ቀን 1928፣ ቀራጺውም ኦገስት ላይምባክ ነው። ሐውልቱ ግርማ አለው፤ ግን ጎብኚውን ሊያሳስት ይችላል። የኦሪገን መንገድ ቤተሰብ ይዘው ሰፈራ ፍለጋ የሚሄዱ ሰዎች መንገድ ሲሆን፣ ይህኛው በዋናነት የነጋዴ መንገድ ነበርና በጋሪዎቹ ዙሪያ የሚገኙት በአብዛኛው ወንዶች፣ በሬዎችና በቅሎዎች ነበሩ። እዚያው ወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ የቆመውን «ጋርዲያን ኦፍ ዘ ግሮቭ» የተባለ የካው ጦረኛ የነሐስ ሐውልትም ከማዶናዋ ጋር አያይዘው ይዩት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያላየ ሰው የከተማዋን ታሪክ ግማሹን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛ፦ ሜይን ስትሪትን በእግር ይሂዱ

ድልድዩን ተሻግረው በስተምዕራብ ባለው የመንገድ ክፍል መኪናውን አቁሙትና ቀሪውን በእግር ይጨርሱ። በ1847 ለካው ሕዝብ ሸቀጥ ለመሸጥ የመጣው «ሴት ሄይስ» የተባለ ሰው በ1857 የሠራው ሄይስ ሃውስ በዚህ መንገድ ላይ ነው። ምግብ ቤት፣ ማደሪያ፣ ፍርድ ቤትና የጸሎት ቤት ሆኖ ያገለገለ ሕንፃ ነው፤ በሚሄዱበት ቀን ምግብ የሚቀርብበት መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። በ1867 የተሠራው የሄይስ መኖሪያ ቤትም ከመንገዱ ጥቂት ወረድ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ሰው ሲነገር ጀግንነቱና ብልሃቱ ይጎላል፤ ሳራ ቴይለር የተባለችን ጥቁር ሴት በባርነት ይዟት እንደነበር ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። አስጎብኚ ካገኙ ስለ እርሷ ይጠይቁ።

በዚሁ ጎዳና ላይ በ1892 የተሠራው ፋርመርስ ኤንድ ድሮቨርስ ባንክ በቀይ ጡብና በበሃ ድንጋይ የተዋቀረ ያጌጠ ሕንፃ ነው። አሁንም የሚሠራ ባንክ ስለሆነ ውስጡን ለማየት በሥራ ሰዓት ገብቶ ማስፈቀድ፣ ደንበኞችንም ፎቶግራፍ አለማንሳት ጨዋነት ነው። ወደ ምዕራብ ጥቂት ብሎኮች ሲቀጥሉ በ1857 የተሠራው የላስት ቻንስ ሱቅ ይገኛል። ስሙ እንደሚለው፣ ወደ ሳንታ ፌ ለሚጓዙት ዱቄት፣ ቡና ወይም ባሩድ ለመግዛት የመጨረሻው ዕድል ነበር። ሕንፃው ትንሽ ስለሆነ በቶሎ ይታያል፤ ግን ጀርባዎን ለሕንፃው ሰጥተው ወደ ምዕራብ ይመልከቱ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀሪ ጉዞ ሁለት ወር ያህል ሊወስድ እንደሚችልም ያስቡ። ከዚያ አለፍ ብሎ የ1861ዱ የተርዊሊገር የድንጋይ ቤት የመንገዱን የከተማ ክፍል ይዘጋል።

ከሜይን ስትሪት በስተሰሜን ባለው ኮረብታ ላይ «የባሕታዊው ዋሻ» የሚባል ትንሽ ዋሻ አለ፤ ለእኛ አንባቢዎች ከከተማዋ ቦታዎች ሁሉ ቅርብ የሚሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም። በ1801 በጣሊያን የተወለደው ጆቫኒ ማሪያ አጎስቲኒ የተባለ መናኝ ደቡብ አሜሪካን አቋርጦ ከመጣ በኋላ በ1863 እዚህ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያም ከጋሪ ነጋዴዎች ጋር በእግሩ እየተጓዘ ወደ ኒው ሜክሲኮ ሄደ፤ በዚያም የመነነበት ተራራ እስከ ዛሬ በስሙ የባሕታዊው ተራራ ይባላል። በ1869 ተገድሎ ተገኘ። ዋሻው ከአንድ ሰው ማደሪያ የሚበልጥ አይደለምና ትልቅ ነገር ጠብቀው አይሂዱ። መውጫው አጭር ቢሆንም ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል።

አራተኛ፦ ለካው ሚሽን በቂ ሰዓት ይስጡ

በቀኑ ውስጥ መቻኮል የማይገባው እዚህ ነው። የካው ወይም የካንዛ ሕዝብ ለካንሳስ ግዛት ስሙን የሰጠ ሕዝብ ነው። በ1846 በተፈረመ ውል ሁለት ሚሊዮን ኤከር መሬት ለቆ፣ በካውንስል ግሮቭ ዙሪያ 20 ማይል በ20 ማይል በሆነ ክልል እንዲሰፍር ተደረገ። ይህም በ1859 ወደ 9 ማይል በ14 ማይል ተቀነሰ፤ በ1873 ደግሞ ሕዝቡ ጨርሶ ከአገሩ ተነቅሎ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር ተላከ።

የሚሽኑ ሕንፃ ሁለት ፎቅና ስምንት ክፍል ያለው የበሃ ድንጋይ ቤት ሲሆን፣ የደቡብ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ከ1850 እስከ 1851 አሠራው። እስከ 1854 ድረስም ሠላሳ ያህል የካው ወንዶች ልጆች በቶማስ ሃፈከር መምህርነት ትምህርትና የእርሻ ሥራ ይማሩበት ነበር። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ወላጅ አልባ ነበሩ፤ የካው አባቶች ልጆቻቸውን ለነጮች ትምህርት አሳልፈው መስጠትን አልወደዱም። መንግሥት ወጪው በዛ ብሎ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ በዚያው ሕንፃ የነጭ ሰፋሪዎች ልጆች መማር ጀመሩ። ወደ ውስጥ ሲገቡ የግድግዳዎቹን ውፍረትና በየክፍሉ ያሉትን የእሳት ምድጃዎች ልብ ይበሉ፤ ልጆቹ በቤታቸው ያውቁት የነበረው በቅርፊት የተሸፈነ ክብ ጎጆና ይህ ቤት ምን ያህል እንደሚራራቁ ያን ጊዜ ይታያል። ካላፈሩ ሠራተኞቹን ይጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ሙዚየም ጥቅሙ ጠባቂዎቹ ለጥያቄ ጊዜ የሚኖራቸው መሆኑ ነው። በልጅነቱ በዚህ አካባቢ ከካው አያቱ ጋር የኖረው ቻርልስ ከርቲስ ከ1929 እስከ 1933 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ማገልገሉንም ለልጆችዎ መንገር አይርሱ።

ከዚህ በኋላ ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 3 ተኩል ማይል ያህል ርቆ ወደሚገኘው የአለጋዋሆ መታሰቢያ ፓርክ ይንዱ። ቦታው የካው ሕዝብ ከመባረሩ በፊት የመጨረሻ ሰፈሩ የነበረበት ሸለቆ ሲሆን፣ አሁን የካው ብሔር መልሶ ገዝቶ የራሱ አድርጎታል። ማንነቱ ያልታወቀ አንድ የጥንት የካው ጦረኛ አፅም በ1925 የተቀበረበት ከፍ ያለ የድንጋይ ሐውልትም አለ። ቦታው መቃብር ጭምር መሆኑን አይርሱ፤ ድንጋይም ሆነ ሌላ ነገር ከመሬት አንሥቶ መውሰድ ነውር ብቻ ሳይሆን በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል። የመኪና መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ከከባድ ዝናብ በኋላ በአነስተኛ መኪና ባይሞክሩት ይመረጣል።

አምስተኛ፦ የጋሪ ዱካውን ይፈልጉ

ከከተማዋ በስተምዕራብ በአውራ ጎዳና 56 አምስት ማይል ያህል ሲነዱ የድሮው ጋሪ ዱካ በሣሩ ላይ አሁንም ይታያል። የሚጠብቁት ጥርት ያለ የመንኮራኩር መስመር ከሆነ ግን አያገኙትም። ለዓመታት ብዙ ጋሪዎች ጎን ለጎን ስለነዱበት የቀረው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ረባዳ ነው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት፣ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሂዱ፤ ፀሐይዋ በጎን ስትመታው ረባዳው ጥላ ይዞ ይወጣል። በቀትር ከሄዱ ደግሞ ጥላ ስለሌለ የሣሩን ቀለም ይከተሉ፤ ረባዳው ውኃ ስለሚይዝ ሣሩ ከዳርና ዳሩ የተለየ ይሆናል። በአካባቢው ያለው መሬት በአብዛኛው የግል ይዞታ ነውና ለጎብኚ ክፍት መሆኑ በምልክት ካልተገለጸ አጥር አይሻገሩ፤ የከብት በር ከከፈቱም መልሰው ይዝጉት።

ስድስተኛ፦ ከሰዓት በኋላውን በሣር ሜዳው ይጨርሱ

ወደ ደቡብ በሚወስደው ኬ-177 ላይ 20 ማይል ያህል ሲነዱ፣ ስትሮንግ ሲቲ ከመድረስዎ በፊት ቶልግራስ ፕሬሪ የተባለውን ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ ያገኛሉ። በ1996 የተቋቋመ፣ ወደ 11,000 ኤከር የሚጠጋ ሜዳ ሲሆን መግቢያው ነፃ ነው። በ1881 የተሠራ የድንጋይ ቤትና ጎተራ ያለው የከብት እርባታ ሥፍራ፣ በርካታ የእግር መንገዶችና ከ2009 ጀምሮ የተመለሰ የአሜሪካ ጎሽ መንጋ አለው። ጎሾቹ የተረጋጉ ይምሰሉ እንጂ ከፈረስ እኩል ይሮጣሉና ቢያንስ 100 ያርድ ይራቁ። መንጋው መንገዱን ከዘጋ ዙረው ወይም ተመልሰው ይሂዱ፤ ፎቶግራፍ ለማንሳት ብሎ መቅረብ ፈጽሞ አይገባም። ከእግር መንገዱ ሲመለሱም የልጆችን እግርና ወገብ ለመዥገር ይፈትሹ።

ለመመለስ ሲዘጋጁ ነዳጅዎን በካውንስል ግሮቭ ወይም በስትሮንግ ሲቲ ይሙሉ፤ በመካከሉ ማደያ የለም። ምሽት ላይ በኬ-177 አጋዘን ድንገት መንገድ ስለሚያቋርጥ፣ ከመሸ በኋላ የሚነዳ ሰው ከተፈቀደው ፍጥነት ዝቅ ብሎ ቢነዳ ይበጃል።